ጥቁርና ነጩ የሚያርፍበት ግድግዳ



በዚህ ገጽ ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ይቅርታ ብዙ ጽፈናል። ስለ ግድግዳ ቀለም ግን ጽፈን አናውቅም። ዛሬ የምንጽፈው ቤታችን ለጸሎትም ለቡናም ብቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን ነው። “ይህ ቀለም ምን ይባላል? ፎቶዎቹስ እንዴት እንዲህ ጎልተው ታዩ?” ብላችሁናል። አንዳንዶቻችሁም አዲስ ቤት ገብታችሁ የወላጆቻችሁን ጥቁርና ነጭ ፎቶ የምትሰቅሉበት ግድግዳ ምን ይቀባ እያላችሁ ነው። “እኛ” የምንለው ሁለታችንን፣ ባልና ሚስትን ነው። ነገሩን አብረን ስለወሰንነው አብረን እንናገራለን።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ከመጽሐፍ ቅዱሳችን ይልቅ ዓይናችን ብዙ ሰዓት የሚያርፈው ግድግዳችን ላይ ነው። እዚያ የምንሰቅለው ነገር ማንን እንደምናስታውስ፣ ለማን ቦታ እንደሰጠን ይናገራል። የሚቀባው ቀለም ደግሞ ያስታወስነው ሰው እንዲታይ ወይም እንዲደበዝዝ ያደርጋል።

ሰባቱ ሥዕሎች

እኛ ያሉን ሰባት ናቸው። ስድስቱ ፎቶዎች ሲሆኑ አንዱ በከሰል የተሣለ ሥዕል ነው። ፎቶዎቹን የተዉልን የቤታችን እናት አባት ናቸው። በሐድያና በከምባታ መንደሮች በእግርና በብስክሌት እየዞሩ ወንጌል የሰበኩ ሰው ነበሩ። በአንዱ ፎቶ ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል። በሌላው ወንዝ ዳር የጥምቀት ሥርዓት አለ። በሦስተኛው ሣር ክዳን ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ምእመናን ተሰልፈዋል። በአራተኛው ያው ጸሎት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ በሩ ታሽጎ ይታያል። አምስተኛው የሠርጋቸው ነው፣ ስድስተኛው ባለቤታቸው ልጅ አዝለው በሩ ላይ ቆመው የተነሡት።

ሰባተኛው የልጃችን ሥራ ነው። አያቱ በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋ ላይ ሳሉ አጠገባቸው እየተቀመጠ በከሰል ሣላቸው። ዓይናቸው ተከድኗል፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። ልጃችን ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። አያቱ ባረፉ በዓመቱ ከእኛ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቆመ፤ ከዚያም ለትምህርት ወደ ጀርመን ሄደ። በስልክ ስንገናኝ ስለ ጤናና ስለ ብርዱ እንነጋገራለን። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲነሣ መስመሩ ጸጥ ይላል። ይህን የምንጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው።

ሥዕሉ ለዓመታት በሁለት ካርቶን መካከል ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆየ። ቤታችን ሐዘንተኛ የሚመጣበት፣ በሽተኛ የሚጸለይለት ቤት ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው ሥዕል እንዲህ ባለ ቤት ይሰቀላል ወይ? እናትየዋ አባቷን በዚያ መልክ በየቀኑ ለማየት ልቧ ይችላል ወይ? ሥዕሉን አውጥተን ክሬም ግድግዳችን ላይ ስናስጠጋው ደግሞ የኩራዝ ጥላሸት የነካው ቦታ ይመስል ነበር። ስለ ቀለም በጥሞና ማሰብ የጀመርነው በዚህ ጊዜ ነው።

“የአገልጋይ ቤት ሥዕል ምን ያደርጋል?” ያሉንም አሉ፤ በቅንነት ነውና እናከብራቸዋለን። ሕጉ የከለከለው ልንሰግድለት የምንሠራውን ምስል ነው። ያው የዘጸአት መጽሐፍ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ የእጅ ጥበብ እንደሰጠው ይነግረናል (ዘጸ. 31)። ለማደሪያው ድንኳን መጋረጃዎችም የትኞቹ ቀለሞች እንደሚሆኑ ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ቀዩን ለይቶ ያዘዘው እርሱ ነው (ዘጸ. 26)። ስለዚህ ቀለም መምረጥ ለአማኝ የማይገባ ተራ ነገር ነው አንልም።

ጥቁሩ የቱ ጥቁር ነው? ነጩስ?

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስንል በመካከሉ እጅግ ብዙ ግራጫ አለ። በድሮ ፎቶ ላይ ምስሉን የሚሠራው በጄላቲን ውስጥ የተበተነ ጥቃቅን ብር ነው። እንደ ወረቀቱና እንደ አጠባው ዓይነት ጥቁሩ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነጩ ደግሞ የወረቀቱ መልክ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ይወይባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው እያንዳንዱን ፎቶ በቀን ብርሃን ንጹሕ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማየት ነበር። ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፤ ገንዘብም አያስወጣም። ከስድስቱ አራቱ ወደ ቡኒ ያደሉ ሆኑ፣ ሁለቱ ቀዝቀዝ ያሉ። የከሰሉ ሥዕል ወረቀት ጥሬ ወተት ይመስላል። ሰባቱም አንድ ግድግዳ ላይ የሚኖሩ ከሆነ ግድግዳው ሁሉንም የሚሸከም መሆን ነበረበት።

እናንተ ያላችሁ በቅርቡ የታተመ፣ ነጩ በረዶ ጥቁሩ ኩል የሆነ ፎቶ ከሆነ መልሱ ከእኛ ይለያል። “ለጥቁርና ነጭ የሚስማማ ቀለም የቱ ነው?” የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የማይመለሰው ለዚህ ነው። ቀድሞ የሚጠየቀው “የእኔ ጥቁር የቱ ጥቁር ነው? ነጩስ የቱ ነጭ?” የሚለው ነው።

በአገልግሎት ዘመናችንም ሰውን ሳናይ መፍትሔ ማዘዝ እንደማያዋጣ ተምረናል። በብርሃንና በጨለማ መካከል ድንበር የለም ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ ድንበሩን አስምሮታል። ነገር ግን አንድን ሰው “ይኼ በርቷል፣ ያ ጨልሟል” ብለን ከሩቅ ከመፈረጃችን በፊት ቀርቦ ማየት ይገባል። ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የቆመውን የመጀመሪያውን ልጅ ቁመት አይቶ ሊቀባው ነበር (1ኛ ሳሙ. 16)።

ጥቁሩን ያደከመው ጎረቤቱ ነው

እ.ኤ.አ. በ1824 ሚሼል ዩጂን ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪስ ጎብለን በተባለው ዝነኛ የሽመና ሥራ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከደረሱት አቤቱታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ጥንካሬ የለውም፣ ደክሟል የሚል ነበር። ክሩን ከሌሎች ሥራ ቤቶች ጥቁር ክር ጋር አስተያየው። ማቅለሚያው ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ክር ነበር። ሸቭረል ይህን ለዓመታት አጥንቶ በ1839 መጽሐፍ አወጣበት፤ ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ ይማሩበታል።

የሕጉ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀለም ጎረቤቱን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ብሩህ ግድግዳ ሥዕሉን ያጠቁረዋል፤ ጠቆር ያለ ግድግዳ ያበራዋል። ወደ ቢጫ ያደላ ግድግዳ ግራጫውን ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ወደ አረንጓዴ ያደላ ግድግዳ ደግሞ ግራጫውን በጥቂቱ ወደ ቀይ ያስጠጋዋል፤ ይህም ለሰው ፊት የደም ሙቀት ይሰጠዋል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የጣሊያን ሠዓሊዎች ፊት ሲሥሉ ከቆዳው ቀለም በታች አረንጓዴ አፈር ይቀቡ ነበር።

ይህን ስናነብ የክሬሙ ግድግዳ ነገር ገባን። የአያቱን ፊት የበድን ያስመሰለው ከሰሉ ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ቢጫም ጭምር ነው።

የመዘንናቸው አራት ቀለሞች

*ነጭ።* ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነጭን ነው፤ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተው የኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና እርሱን የመሰሉት ነጭና ባዶ ግድግዳን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ አደረጉት። ከዚያ በፊት የአውሮፓ የሥዕል አዳራሾች ብዙውን ጊዜ ጥቁር ቀይ ወይም አረንጓዴ ነበሩ። ነጭ ግድግዳ ለአዲስና ለጥርት ፎቶ፣ በተለይ ቀጭን ጥቁር ፍሬም ሲኖረው መልካም ነው። ለወየበ ወረቀት ግን ግድግዳው ከወረቀቱ ሲነጣ ወረቀቱ የቆሸሸ ይመስላል።

*ክሬም።* የአብዛኛው ቤታችን ቀለም ነው። ለባለ ቀለም ፎቶ አይከፋም፤ ለግራጫ ግን ከላይ ያልነውን ያመጣል። ከክሬም መውጣት የማትችሉ ከሆነ በፍሬሙና በፎቶው መካከል ሰፋ ያለ ነጭ ወይም ቀላል ግራጫ ካርቶን አስገቡ። ካርቶኑ ሥዕሉን ከግድግዳው ይለየዋል።

*ጥቁር ግራጫ።* ነጩ እንደ መብራት ያበራበታል፤ በጣም ያማረ ነው። የእኛ ሳሎን ግን አንድ መስኮት ብቻ አለው። ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማ የምንቀመጥበትን ክፍል ዋሻ ያደርገዋል። ሰፊ መስኮት ወይም ሁለት መስኮት ላለው ቤት፣ ያውም ለአንድ ግድግዳ ብቻ እንመክረዋለን።

*መካከለኛ ቀለም።* ብርሃኑ በነጭና በጥቁር መካከል የሆነ ግድግዳ ነው። ውጭ አገር የሚታተሙ የቀለም ካታሎጎች እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በቁጥር ይጽፋሉ። መካከለኛ የምንለው ወደ 50 ገደማ ያለውን ነው። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ነጩም ጥቁሩም ቦታ ያገኛሉ፤ አንዱ በግድግዳው አይዋጥም።

ለዚህ የምታውቁት ምስክር አለን። ሁለት እጆች ለጸሎት ተጋጥመው የሚታዩበትን ሥዕል በብዙ ወገኖች ቤት፣ በካሌንደርም ላይ አይተነዋል። የጀርመናዊው የአልብሬክት ዱረር ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1508 ሣለው፣ ዛሬ ቪየና ከተማ አልበርቲና በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ብዙ ሰው ግን የማያስተውለው ነገር አለ፤ ዱረር እነዚያን እጆች ሰማያዊ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው የሣላቸው። ጥላውን በጠቆረ ቀለም፣ ብርሃኑን በነጭ አደረገ፤ ሰማያዊው ሁለቱን አስታረቀ። ሥዕሉ ለአንድ ትልቅ የመሠዊያ ሥዕል መዘጋጃ ነበር። የዚያ ትልቅ ሥራ መካከለኛው ክፍል በ1729 በእሳት ተቃጠለ፤ መዘጋጃው ግን ተረፈ። ታላቁ ሄዶ ትንሹ ቀረ፤ በእግዚአብሔር ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የባሕር ዛፉ ቅጠል

መካከለኛ ቀለም ይሁን ብለን ተስማማን። የትኛው የሚለው ግን አላግባባንም። ከሁለታችን አንዱ ግራጫ ይሁን አለ፣ ሌላው ግራጫ የመሥሪያ ቤት ነው አለ። በመጨረሻ ለልጃችን ደወልን። “ያንተን ሥዕል ልንሰቅል ነው፤ ግድግዳው ምን ይቀባ?” አልነው።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

“አያቴን ልትሰቅሉት ነው?” አለ። “እማዬ ትችላለች?”

“ልሞክር ነው፣ ልጄ” አለችው።

ከዚያ በኋላ ያወራነው ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስለ ቀለም ብቻ ነበር። “አባዬ፣ እሱ ላይ ብርሃን የሚመስለው እኮ ነጭ ቀለም አይደለም” አለን። “ያልነካሁት ወረቀት ነው። በከሰል ስትሥል ብርሃኑን አትጨምረውም፣ ትተወዋለህ። ግድግዳው ከወረቀቱ ከነጣ ያ ብርሃን ይሞታል። ቀላል አረንጓዴ ግራጫ አድርጉት። አያቴ ቤት ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ትዝ ይላችኋል? የደረቀው ቅጠሉ። እሱን ይዛችሁ ወደ ቀለም ቤት ሂዱ።”

ልጃችን ስለ እምነት አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ነገር ግን ሁለታችንም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ስንት ዓመት ሰብከን ያልነውን እርሱ ስለ ወረቀት ሲያወራ ነገረን። ብርሃኑን የምናመጣው እኛ አይደለንም። ቀድሞ ያለ ነው፤ የእኛ ድርሻ አለመሸፈን ነው። ዮሐንስ ወንጌሉን ሲጀምር ስለ መጥምቁ የሚናገረውም ይህንኑ ነው፤ መጥምቁ ለብርሃኑ ሊመሰክር መጣ እንጂ ብርሃኑ እርሱ አልነበረም (ዮሐ. 1)።

ከመንገድ ዳር አንድ እፍኝ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመን መርካቶ ወረድን። ሻጩ ቅጠሉን አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ከናሙናው ካርድ ጋር እያስተያየ በማሽን ቀመመልን። ሲነጻጸር ሁለት ነገር ተማርን። እርጥቡ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ይለወጣል። ትንሽ ካርድ ላይ ያየነው ቀለም ደግሞ በሙሉ ግድግዳ ላይ የበለጠ ይጠነክራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከሚታሰበው አንድ ደረጃ ለስለስ ያለውን መያዝ ይሻላል።

ካህኑና ግድግዳው

ዘሌዋውያን 14ን ስናነብ ቶሎ የምናልፈው ክፍል አለ። በቤት ግድግዳ ላይ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ያደላ እድፍ ሲታይ ባለቤቱ ካህኑን ይጠራል። ካህኑ ዕቃው እንዲወጣ ያዛል፣ ገብቶ ያያል፣ ቤቱን ለሰባት ቀን ይዘጋል፣ ተመልሶ ያያል። እድፉ ከሰፋ ድንጋዩ ይወጣል፣ ምርጊቱ ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ በአዲስ ይመረጋል። ግድግዳን አተኩሮ ማየት የካህን ሥራ ነበር ማለት ነው። ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13 ደካማ ቅጥርን በኖራ የሚለስኑትን ይወቅሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ቅጥሩ ይወድቃልና።

የእኛም ግድግዳ ከታች በዞኮሎው በኩል እድፍ ነበረው። በጀርባው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያልፋል። ቀለም ቀቢው “በስቱኮ ይሸፈናል” አለን። እኛ ግን መጀመሪያ ቧንቧው ይጠገን አልን። ተጠገነ። እድፉ ተፋቀ፣ ግድግዳው ሦስት ሳምንት ደረቀ፣ ከዚያ ስቱኮ ተደረገ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለሰለሰ። እርጥበት ያለበት ግድግዳ የትኛውንም ቀለም ይልጠዋል፤ ለፎቶም ጠላት ነው።

ቀለሙ ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ቀለም እንዲሆን አደረግን። በድሮ ቤቶች ግድግዳውን እስከ ወገብ የዘይት ቀለም መቀባት የተለመደ ነው፤ ለማጽዳት ይመቻል። ሥዕል ለሚሰቀልበት ግን ሁለት ችግር አለው። ብልጭታው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተደምሮ ዓይን ይወጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የዘይት ቀለም ሲደርቅ የሚያወጣው ጋዝ የድሮ ፎቶ ላይ ያለውን ብር ይጎዳል። የትኛውንም ቀለም ብትቀቡ ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ሳምንት ታገሡ፣ ከዚያ ስቀሉ።

በየትኛው ብርሃን?

ከመቀባታችን በፊት ቀለሙን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብተን፣ ዳሩን ነጭ ትተን፣ ለአንድ ሳምንት በየቦታው አስቀመጥነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሦስት የተለያየ ቀለም ይመስላል። ፎቶ አጠገቡ አስደግፋችሁ እዩት።

የቤት ማስዋቢያ መጻሕፍት በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ብርሃን ይሰጣል ይላሉ። ይህ ለአውሮፓ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታደላለች። ስለዚህ በሰሜን መስኮታችን በግንቦት ፀሐይ ገብታ ስታገኙ አትደነቁ። ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖቻችን ግን የመጻሕፍቱን ምክር እንዳለ ውሰዱ፤ በሰሜን በኩል ላለ ክፍል ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለም ይስማማችኋል። የትም ብትሆኑ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ሥዕል አትስቀሉ።

አምፖልም ይታይ። በካርቶኑ ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ። 2700 የሚለው ቢጫ ነው፣ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። በአብዛኛው ቤት ያለው ይኸኛው ስለሆነ ፊትን ያገረጣል። እኛ 3000 የሚለውን አደረግን። የአያቱ ፊት ማታ ማታ የተኛ ሰው ፊት ሆነ።

ስንሰቅል

የሥዕሎቹን መካከል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ አደረግን። በመካከላቸው አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ተውን። ፍሬሙ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቀጭንና ጥቁር ነው። የከሰሉን ሥዕል በእውነተኛ መስታወት አስገባነው፤ ፕላስቲክ መስታወት የከሰሉን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ ወፍራም ካርቶን በመካከል አለ። በጣም የደከሙትን ሁለት ፎቶዎች ዋናቸውን በጨለማና በደረቅ ቦታ አስቀምጠን ቅጂ ሰቀልን።

ቅደም ተከተሉን ልጃችን መረጠ። “አያቴን ከብስክሌቱ አጠገብ አድርጉት” አለ። እንደዚያው አደረግን። አሁን በአንድ ግድግዳ ላይ ብስክሌቱን ይዞ የቆመው ሰባኪና አልጋ ላይ የተኛው ሽማግሌ ጎን ለጎን ናቸው። ያለ አንዱ ሌላው ሙሉ አይሆንም። የእግዚአብሔር ታማኝነት የታየው በብስክሌቱ ዘመን ብቻ አይደለምና።

ሥዕሉ ከተሰቀለ በወሩ ባሏን የቀበረች እህት ከሌሎች ጋር መጣች። ጸለይን፣ ቡና ተፈላ። እርሷ ግን ሥዕሉን ትክ ብላ ታይ ነበር። “የእኔም እንዲህ ነበር የተኛው” አለችና አለቀሰች። አብረዋት የመጡት ከቀብር ወዲህ ስታለቅስ አላየንም ነበር አሉን። ሊሞት የተቃረበ ሰው ሥዕል በእንዲህ ያለ ቤት ይሰቀላል ወይ ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱን ከእርሷ አገኘን። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር ፊት እንባውን አልደበቀም (ዮሐ. 11)።

ልጃችን እስከ ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። ይህን የምንጽፈው ታሪኩ በምስክርነት ያለቀ እንዲመስል አይደለም። ነገር ግን አሁን በየሳምንቱ ይደውላል፤ አንዳንዴም “ስልኩን ወደ ግድግዳው አዙሩት” ይላል። እናዞርለታለን። በቤታችን ሥራው ቦታ እንዳለው ያያል፤ እርሱም እንዳለው ያውቃል ብለን እናምናለን።

ለእናንተስ?

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ግድግዳችሁን አረንጓዴ ቀቡ አንልም። የያዛችሁትን ሥዕል በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ እዩ፤ መስኮታችሁን እዩ፤ ግድግዳው እርጥበት ካለበት አስቀድማችሁ ምንጩን ጠግኑ፤ ቀለሙን በካርቶን ላይ ቀብታችሁ ለአንድ ሳምንት አብራችሁት ኑሩ። ሁለት ቀለም ካከራከራችሁ ከሥዕሉ ወረቀት የማይነጣውን ምረጡ። ለአንድ ግድግዳ አንድ ጋሎን ይበቃል፤ ብዙ ወጪ አይደለም።

በቤታችሁ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሥዕል ወይም ፎቶ ካለ ደግሞ ለምን እንደተቀመጠ ጠይቁ። ምናልባት ሊታይ የከበደን ሐዘን ነው። ምናልባት ከእኛ የራቀ ልጅ፣ ወንድም፣ ጓደኛ ነው። ሁሉም ዛሬ ይሰቀል አንልም፤ ለአንዳንዱ ጊዜው ገና ነው። ግን ጊዜው የደረሰውን አውጡና ቦታ አዘጋጁለት። የሣለውንም ሰው ደውላችሁ “ምን ይቀባ?” ብላችሁ ጠይቁት።

አባት ሆይ፣ ከእኛ የራቁትን አንተ ታውቃቸዋለህ። በቤታችንና በልባችን ቦታ እንድናዘጋጅላቸው እርዳን። ያልነካነውን ብርሃንህን እንዳንሸፍን ጠብቀን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።